ሴስና 172 ሲያርፍ ካስቸገረ መቀመጫውን እዩ

ጎንደር፣ አዘዞ ሜዳ ላይ እንደ ሴስና 172 ያሉ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ስጠግን ዓመታት አለፉ። ጎማና ዘይት ማየትን እዚህ አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

የፊት ጎማው መሬት ሲነካ ይርገፈገፋል? የንዝረት ማብረጃው ፈሳሽ አልቋል፣ ወይም መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ቀለበት (ቡሽ) ተበልቷል። ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጣል? አየር ገብቶበታል፤ አስወጡት።

መሬቱ ከወትሮው ፈጥኖ ይመጣባችኋል? ይሄ ብልሽት አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት የፍጥነት ጠቋሚው 65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 75 ይጠጋል። በዓይናችሁ ገምታችሁ አትቀንሱ፤ ክንፉ ይከዳችኋል። ጠቋሚውን እመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ መቀመጫው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስንቴ እንዳየሁት!

አንድ ካፒቴን ሲያርፉ አውሮፕላኑ ነጠረባቸው። እንደገና ለመነሳት ጋዝ ሰጡ። አፍንጫው ቀና ሲል መቀመጫው ሸርተት አለ። «መሪውን ይዤ ነበር፤ አብሮኝ መጣ» አሉኝ። አፍንጫው ይብስ ተሰቀለ፣ ግራ ክንፉ ወደቀ፣ የፊት እግሩ ተሰበረ። የትከሻ ቀበቶ ስላሰሩ ተረፉ።

መቀመጫው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ፈታሁት። ቀዳዳዎቹ ተበልተው እንቁላል መስለዋል። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ መቀመጫውን የሚቆልፈው ፒን ደግሞ ፒን አይደለም! ከብረት ሱቅ ተገዝቶ የተሞረደ ቡሎን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሰው ነፍስ ይበላል።

መፍትሄው ይሄ ነው። ሐዲዱን በብሩሽ ጥረጉ፤ የጫማ ጭቃ ቀዳዳው ውስጥ ከደረቀ ፒኑ አይገባም። ቀዳዳውን ለኩ። ስፋቱ ከ0.42 ኢንች ካለፈ ሐዲዱ ይቀየር። በብየዳ አትሙሉት፣ በጭራሽ! ፒኑ ቢያንስ 0.15 ኢንች መግባት አለበት። ስንጥቅም ፈልጉ። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ይህን ምርመራ ግዴታ አድርጎታል። በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይደረግ። ፋብሪካው መቀመጫውን ይዞ የሚያስቀር ተጨማሪ መያዣም አውጥቷል፤ አስገጥሙት።

አብራሪዎች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ «ቀጭ» ማለቱን ብቻ አትመኑ። ሞተር ሳይነሳ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በሰውነታችሁ ግፉት። ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሳችሁ መቀመጫ አታስተካክሉ። ከተንሸራተተ መሪውን አትንጠልጠሉበት፤ የበሩን ምሰሶ ያዙ።

ካፒቴኑ ዛሬም ይበራሉ። ከመነሳታቸው በፊት መቀመጫቸውን ሦስት ጊዜ ሲገፉ ከሃንጋሩ በር ላይ አያቸዋለሁ።