የሕዳርን ተራራ ቀለም ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ለማየት

በብርድ አገሮች የቅጠል መቅላት ከተራራው አናት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ጋ ተራራውን የሚያቀልመው የማሽላ እርሻ ነው፤ ጉዞውም በአብዛኛው ተቃራኒ ነው፤ ቆላው ሞቃት ስለሆነ የታችኛው ማሽላ ቀድሞ ይደርቅና ቡናማው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በሕዳር ከድሬዳዋ በሐረር መንገድ ዳገቱን ወደ ደንገጎ ስትወጡ፣ ታች የደረቀውን ማሽላ ከፍ ስትሉ ገና ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አገዳው ታጭዶ ከተከመረ ግን አለቀ፣ አትዘግዩ።

በቡናማው መሃል አረንጓዴ ሆኖ የቀረው እርከን አብዛኛውን ጊዜ ጫት ነው፤ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ እንዳይመስላችሁ። ማሽላው ገና ሳይደርስ ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ የመኸር ቀለም አይደለም። ማሽላ በበሽታ ወይም በተባይ ሲጎዳ የሚያወጣው ቀለም ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ቀለሙ ይገረጣል። ዝናብ በጣለ ማግስት አቧራው ስለሚጠራ ሩቁ ሸንተረር ሳይቀር ይታያል። ከሐረር በስተደቡብ ካለው ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ላይ ሆናችሁ ወደ ሐረር ስትመለከቱ በዚህ ወቅት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከኋላችሁ ትሆናለች፣ ለፎቶ ይመቻል። ስልካችሁ ካሜራ ላይ የነጭ ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ፣ የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ ፀሐይ ምልክቱ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ወርቃማውን አጥቦ ግራጫ ያደርገዋል።