የቡድናችን ካዝና ሚያዝያ ላይ ለምን ይደርቅ ነበር?

የሰፈራችን የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ብር ያልቅበት ነበር። "ማን በላው?" መባል ሲጀመር በጣም ከፋኝ። ቁጭ ብዬ የ3 ዓመቱን ደብተር አገላበጥኩ። የተበላ ብር የለም። መዋጮ የምንሰበስበው መስከረም ላይ ነው፤ ወላጅ ደብተርና ዩኒፎርም በሚገዛበት ወር! ግማሹ "በኋላ እከፍላለሁ" ይላል። እኛ ደግሞ የገባችውን ሁሉ ለማሊያ እናውላታለን። የሜዳ ኪራይና የዳኛ አበል ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ከጥቅምት ጀምሮ መዋጮውን በየወሩ አደረግነው። በቴሌብር ይገባል፣ የዚያኑ ቀን ይመዘገባል። ከባንክ ለማውጣት 2 ፊርማ ግድ ሆነ። ማሊያ የሚገዛው የሜዳው ኪራይ ለብቻው ከተቀመጠ በኋላ ነው። የወሩን ሂሳብ ፎቶ አንስቼ ለወላጆች በቴሌግራም እልካለሁ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ የመጨረሻውን የዳኛ አበል ስከፍል፣ ለ2 አዲስ ኳስ የሚሆን ብር ተርፎ ነበር።