ተራራ ላይ ሳይክል ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

እንጦጦ ማርያምን አልፋችሁ ባሕር ዛፉ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ጎሚስታ የለም። ከተማ ውስጥ ጎማ ቢተነፍስ ሳይክሉን እየገፋችሁ አንዱ ጋ ትደርሳላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን ያላችሁ በቦርሳችሁ የያዛችሁት ብቻ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይኑር? ትርፍ ከመነዳሪ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ ፕላስቲክ፣ ካቴና መፍቻ ያለው የቁልፍ ስብስብ፣ በእጅ የሚገጠም የካቴና ማያያዣ፣ ፕላስተር። የከመነዳሪው ልክ ከጎማችሁ ጋር አንድ ይሁን። 26፣ 27.5 ወይም 29 የሚለው ቁጥር ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። መንፊያው የቫልቩን አፍ መግጠሙን ቤት ሳላችሁ ሞክሩት። አንዳንዱ ቫልቭ እንደ መኪና ወፍራም ነው፣ ሌላው ቀጭን።

የሆነ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ከመንገዱ ውጡ። ከላይ እየወረደ የሚመጣ ሰው ይኖራል። ከዚያ ጃኬት ልበሱ። ላብ ያረጠበው ልብስ ቆም ሲሉ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ እጅ ከደነዘዘ ደግሞ ትንሿን ብሎን መያዝ ያቅታል።

ጎማ ሲተነፍስ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። የኋላው ጎማ ከሆነ ካቴናውን ትንሹ ማርሽ ላይ አድርጉና አውጡት። ጎማው ወጥቶ ሳለ የዲስክ ፍሬኑን አትጨብጡ። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ዲስኩን ከሁለት በኩል የሚይዙት ሸራዎች ይጠጋጉና ዲስኩ አልገባ ይላል።

የቀረውን አየር ጨርሳችሁ አስወጡ። የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ቸርኬው መሀል ግፉት፣ ይላላል። አሁን በፕላስቲኩ አንዱን ጎን አውልቁና ከመነዳሪውን አውጡ። የቫልቩ ቦታ ጎማው ላይ የት እንደነበር ግን ልብ በሉ።

ከመነዳሪውን ነፉና ወደ ከንፈራችሁ አስጠጉት። ከንፈር ከጆሮ ይልቅ ቀጭን ትንፋሽ ይለያል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር አጣብቆ ነክሶታል፣ አየሩ አንሶ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ ምናልባትም አሁንም ጎማው ውስጥ አለ።

ይሄን ሳላጣራ አንድ ቀን አዲስ ከመነዳሪ ገጥሜ ተነሳሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ተነፈሰ። ጎማውን ገልብጬ በጨርቅ ስዳብሰው ጨርቁ አንድ ቦታ ያዘ። የቀጋ እሾህ ጫፍ ነበር። ከሰሊጥ ያነሰ፣ ከውጭ ምንም የማይታይ። ያንን ቀን ሁለተኛ ከመነዳሪ ስላልነበረኝ ሳይክሉን እየገፋሁ ወረድኩ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ጎማውን ከውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ሳትዳብሱ አዲሱን አትግጠሙ።

ስትመልሱት ከመነዳሪውን በትንሹ ነፍታችሁ ቅርጽ አስይዙት። ጠርዙን በእጅ አስገቡ፣ መጨረሻውን ቫልቩ ጋ ጨርሱ። ከዚያ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሱት፣ ከመነዳሪው ጠርዙ ሥር እንዳይጣበቅ። ጎማው ራሱ ከተቀደደ ደግሞ የታጠፈ የብር ኖት ወይም የብስኩት ላስቲክ ከውስጥ ስንጥቁ ላይ አድርጉ። ቤት ያደርሳል።

ካቴና ሲበጠስ

የተበላሸውን ቁራጭ በመፍቻው አውጡ። የካቴናው ቁራጮች አንዱ ሰፊ አንዱ ቀጭን ነው፤ የሚቀሩት ሁለት ጫፎች ቀጭኖቹ ይሁኑ፣ ማያያዣው የሚገባው እነሱ መሀል ነው። ማያያዣው ከማርሻችሁ ብዛት ጋር የሚሄድ መሆን አለበት፣ የ9ኙ ለ12ቱ አይሆንም። ካገናኛችሁ በኋላ የኋላውን ፍሬን ይዛችሁ ፔዳሉን በኃይል ርገጡ። ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ካቴናው ስላጠረ ከፊትም ከኋላም ትልቁን ማርሽ አንድ ላይ አትጠቀሙ።

ወድቃችሁ ከሆነ ጉዞ ከመቀጠላችሁ በፊት ከሳይክሉ ኋላ ቁሙና የኋላውን የማርሽ መቀየሪያ ተመልከቱ። ወደ ጎማው ከታጠፈ ትልቁ ማርሽ ላይ አታስገቡት። የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ከገባ መቀየሪያውም ጎማውም ያልቃል። መሀል ላይ ባለው ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

የተሰበረ የጎማ ሽቦ ካለ ከጎኑ ካለው ጋር በፕላስተር እሰሩት። ፔዳል ሲላላ የግራው አዙሪት የተገላቢጦሽ መሆኑን አስታውሱ፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው።

ፍሬን

እዚህ ላይ ድርድር የለም። የፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው መያዣ ድረስ ከገባ ወርዳችሁ ግፉ። ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ቆማችሁ አቀዝቅዙት፣ ግን ዲስኩን በእጅ አትንኩ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ለካቴና የያዛችሁት ዘይትም ዲስኩ ጋ አይድረስ። አንድ ጠብታ ሸራውን ያበላሻል።

ጥገናው ከረዘመ ሰዓታችሁን እዩ። 12 ሰዓት ካለፈ እንጦጦ ላይ ቶሎ ይጨልማል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ከ11 ሰዓት በኋላ ከሆነ አቋራጩን ትታችሁ ዋናውን መንገድ ያዙ።

ቤት ስትደርሱ የተበሳውን ከመነዳሪ እዚያው ማታ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋ የሚያወጣበትን ምልክት አድርጉ፣ አድርቃችሁ በማስቲሽ ለጥፉና ቦርሳው ውስጥ መልሱት።