መረቡ ሳይሞላ ቀይሩ

እንግሊዝ አገር እየተከፈለ በሚጠመድባቸው ሐይቆች ውድድር የምትገቡ ከሆነ፣ ዓሣ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ክብደቱን ቁጠሩ። ብዙ ቦታ ለአንድ ማቆያ መረብ (የያዛችሁት ዓሣ እስኪመዘን ውሃ ውስጥ የሚቆይበት) የክብደት ገደብ አለ። 50 ፓውንድ የተለመደ ነው፤ ትርፉ አይቆጠርላችሁም። እኔ አንዴ 61 ፓውንድ ካርፕ የሚባል ዓሣ አንዱ መረብ ውስጥ አጭቄ 11ዱ ውሃ በላው። ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ!

አሁን በአውራ ጣት ቀጭ የሚደረግ መቁጠሪያ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። አንድ ቀጭ አንድ ፓውንድ ነው፤ ዓሣው አራት ፓውንድ ከመሰለኝ ለጥንቃቄ አምስቴ ቀጭ። 40 ስደርስ ወደ ሌላው መረብ። በተለይ መጨረሻዋ ሰዓት ላይ ንቁ፤ ትልልቆቹ ካርፖች ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩን የሚመጡት ያኔ ነው፣ ሰው ደግሞ በደስታ መቁጠሩን ይረሳዋል። ገደቡን ጠዋት የመቀመጫ ዕጣ ስታወጡ ጠይቁ፤ ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል።