የጀልባ ሞተር ሱፐርቻርጀር ቡስት ሲያንስ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሱፐርቻርጀር በሞተሩ ጉልበት እየዞረ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ቡስት የምንለው ያንን ተጨማሪ ግፊት ነው፣ የሚለካውም በፒኤስአይ ነው። ድሮ 8 ፒኤስአይ ይሰጥ የነበረ ሱፐርቻርጀር ዛሬ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ገፍታችሁት 5 ላይ ከቆመ፣ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ቡስቱ የጎደለው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ሲዞር ነው? ታች (በዝቅተኛ ዙር) ጎድሎ ላይ (ከፍተኛ ዙር) ሲደርስ የሚሟላ ቡስት አንድ ዓይነት ችግር ነው። ታች ደህና ሆኖ ላይ የሚወድቅ ደግሞ ሌላ። ይህን ሳይለዩ የሚፈቱ ሰዎች ጤነኛ ሱፐርቻርጀር አውርደው መልሰው ይሰቅላሉ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ታሪኩን ከታች እነግራችኋለሁ።

ከመለካታችሁ በፊት

ጀልባው ቆሞ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ ቡስት አይለካም። ሞተሩ ሸክም ከሌለው ነዳጅ መስጫው ትንሽ ተከፍቶም ዙሩ ይወጣል፤ ጌጁም የሚያሳየው ግፊት ሳይሆን ቫኪዩም (የመምጠጥ ኃይል) ነው። መለካት ያለባችሁ ውሃ ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ነው። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው በየ500 ዙሩ ቁጥሩን ይጻፍ። የቤንዚን ሞተር በጀልባው ሆድ ውስጥ ከሆነ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት የአየር ማስወጫ ፋኑን ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠሩት። እዚያ የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል።

ጌጁን ራሱን በሌላ ጌጅ አመሳክሩ። ወደ ጌጁ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ በሙቀትና በጨው ይሰነጠቃል፤ በጥቂት ብር የሚቀየር ቱቦ ብዙ ሥራ ያድናችኋል።

ምልክት፦ ቡስቱም የሞተሩ ዙርም አብረው ቀንሰዋል

ሞተሩ ድሮ 5000 ዙር ይደርስ ከነበረና አሁን 4000 ላይ ከታፈነ፣ ሱፐርቻርጀሩን ተዉት። በተለይ እንደ ፕሮቻርጀር ያለ ሴንትሪፉጋል (አየሩን በሚሽከረከር ፋን የሚወረውር) ዓይነት ከሆነ፣ ግፊቱ በግምት ከዙሩ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። በ5000 ዙር 8 ፒኤስአይ የሚሰጠው በ4000 ዙር 5 ገደማ ይሰጣል፤ ምንም ሳይበላሽ።

ዙሩን ያፈነው አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ በታች ነው፦ የተጣመመ ወይም መጠኑ የተቀየረ ፕሮፔለር፣ የተጠመጠመ ገመድ፣ ከውጭ በኩል የቆሸሸ የጀልባ ሆድ። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ አንድ ጀልባ መጥቶልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሱፐርቻርጀሩን ስፈታና ስገጥም ቆየሁ። ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ሆዱ በሙሉ ድንጋይ በሚመስሉ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረታት ተሸፍኖ አገኘነው። በሞቃት ውሃ ላይ ቆሞ የከረመ ጀልባ እንዲህ ይሆናል። ሆዱ ተፍቆ ሲታጠብ ዙሩ ተመለሰ፣ ቡስቱም ተከትሎት መጣ። ባለቤቱ ለሁለቱ ቀን እንዳይከፍል አድርጌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው የጀልባውን ሆድ ነው።

ምልክት፦ ታች ደህና ነው፣ ላይ ሲደርስ ይወድቃል

ይህ ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) መንሸራተት ዋና ምልክት ነው። ሱፐርቻርጀሩ ላይኛው ዙር ላይ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ የላላ ቺንጋ የሚከዳው እዚያ ነው። ሁልጊዜ አይጮህም። ፑሌጃው ዙሪያ ጥቁር የጎማ ዱቄት፣ እንደ መስታወት ያብለጨለጨ የቺንጋ ፊት ወይም የተቃጠለ ጎማ ሽታ ካለ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው።

በግምት ከመቀየር መለካት ይሻላል። የሞተሩን ዋና ፑሌጃና የሱፐርቻርጀሩን (የላይኛውን) ፑሌጃ ዲያሜትር ለኩ። ዋናው 18 ሳንቲ ሜትር፣ ላይኛው 9 ከሆነ፣ ሱፐርቻርጀሩ የሞተሩን እጥፍ መዞር አለበት። ላይኛው ፑሌጃ ላይ አንጸባራቂ ምልክት ለጥፉና በብርሃን የሚሠራ የዙር መቁጠሪያ በርቀት ያዙበት። ሞተሩ 4500 ሲል ሱፐርቻርጀሩ 9000 መሆን ሲገባው 8000 ካለ፣ የቀረው ዙር ቺንጋው ላይ ነው የጠፋው። እጅና ልብስ ከቺንጋው ይራቅ።

ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ መሄድ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ወጣሪው ስፕሪንጉ ደክሞ ይሆናል፤ ፑሌጃዎቹ መስመራቸውን ስተው ይሆናል፤ ዘይት ወይም የጨው ውሃ ይረጭበት ይሆናል። ቺንጋው ወጥቶ ሳለ ሱፐርቻርጀሩን በእጅ አዙሩት፤ ከከበደ ወይም ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው እየያዘ ነው። የሚረጭ የቺንጋ ቅባት አትጠቀሙ፤ ለአንድ ቀን ይይዝና ቆሻሻ ይሰበስባል። ከልክ በላይ መወጠርም የፊት ኩሽኔታውን ይበላል። አዲስ ቺንጋ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሚላላ ተመልሳችሁ እዩት።

ቺንጋው ደህና ከሆነ ቀጥሎ የአየር መንገዱ ነው። የታፈነ ፊልትሮም የሚጎዳው ላይኛውን ዙር ነው። ኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ደግሞ ከፊትና ከኋላው በመለካት ታውቁታላችሁ፤ ፊት ላይ ግፊቱ ሞልቶ ኋላ ላይ ብዙ ከወደቀ ውስጡ በዘይትና በቆሻሻ ተዘግቷል። በባሕር ውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ስትከፍቱት ውስጥ የጨው ቅርፊት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ሞተሩን ዳግም አታስነሱ። ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑ ውሃን መጭመቅ ስለማይችል ቢየላ ይጣመማል።

ምልክት፦ ታች ይጎድላል፣ ላይ ይሻሻላል

አየር የሚያፈስ ቀዳዳ የሚያባክነው አየር በአንድ ግፊት ላይ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሱፐርቻርጀሩ ግን ዙሩ በጨመረ ቁጥር ብዙ አየር ያመጣል። ስለዚህ ፍሳሹ ጎልቶ የሚታየው ታች ነው። ጓርኒሲዮኒዎችን፣ የጎማ ቱቦዎችንና ፋሸታዎችን ተመልከቱ፤ የዘይት ጭጋግ የተቀባ መገጣጠሚያ ካለ ከዚያ ጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ መግቢያውን ደፍናችሁ ከ5 ፒኤስአይ ያልበለጠ አየር ስጡና የሳሙና ውሃ ቀቡ። በተከፈቱ ቫልቮች በኩል ትንሽ ፉጨት ይኖራል፤ እሱ አያሳስብ። የሚቀጣጠል ጋዝ ረጭቶ ፍሳሽ መፈለግ ግን በጀልባ ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም።

ባይፓስ ቫልቩን (ቡስት በማያስፈልግበት ጊዜ አየሩን ወደ መግቢያው የሚመልሰውን) ክንዱን እያያችሁ ፈትሹት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ቫኪዩም ይከፍተዋል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። በጨው የተያዘ ዘንግ ወይም የተሰበረ ስፕሪንግ ክፍት ያስቀረዋል፣ አየሩም ወደ መጣበት ይመለሳል። ብዙዎች የተቀደደ ዲያፍራም (የቫልቩን ክንድ የሚስበው ስስ ጎማ) ነው ይላሉ። የተለመደው ባለ አንድ ቱቦ ዓይነት ላይ ግን ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቫልቩ ተዘግቶ ይቀራል እንጂ ቡስት አያጠፋም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ታች አሁንም ከጎደለ፣ ሴንትሪፉጋል ባልሆነ ሱፐርቻርጀር ላይ ሮተሮቹ (አየሩን የሚገፉት ተሽከርካሪዎች) ሽፋናቸው ተልጦ ክፍተታቸው ሰፍቷል። ለዚህ በእጅ የሚደረግ መፍትሄ የለም፤ በባለሙያ መታደስ ወይም መቀየር አለበት።

ቮልቮ ፔንታ ኬኤዲ ላላችሁ

ኬኤዲ 42፣ 43፣ 44 እና 300 የናፍጣ ሞተሮች ሱፐርቻርጀርም ቱርቦም አላቸው። ሱፐርቻርጀሩ በኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን ተይዞ ታችኛውን ዙር ይሸፍናል፤ ከ2500 እስከ 2600 ዙር ገደማ ሲደርስ ሥራውን ለቱርቦው ይለቃል። እዚህ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጀልባው አፍንጫውን አንስቶ ይቀራል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ የለመዳችሁት የሱፐርቻርጀር ፉጨትም አይሰማም። ሞተሩን አጥፉና ፍሪሲዮኑን ከባትሪ ቀጥታ ስጡት። ቀጭ ካለ ችግሩ ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም የዛገ ሶኬት ነው። ዝም ካለ የሽቦ ጠመዝማዛው ተቃጥሏል ወይም የፍሪሲዮኑ ክፍተት በመበላት ሰፍቷል።

ቁጥሩ ያነሰው በቦታው ምክንያት ሲሆን

የፋብሪካው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት አምስት እጅ ቢባል አንዱ የለም። ባሕር ላይ 7 ፒኤስአይ የሚያሳይ ሱፐርቻርጀር እዚያ 5 ተኩል አካባቢ ቢያሳይ አልታመመም። ጭስ ማውጫው ሰፊ በሆነ ከተተካም ቡስቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል።

በዚህም ሆነ በሌላ ምክንያት ቡስት ሲያንስ ሱፐርቻርጀሩ ቶሎ እንዲዞር ትንሽ ፑሌጃ ግጠሙለት የሚላችሁን አትስሙ። ፍሳሹ ወይም መንሸራተቱ እንዳለ ሆኖ አየሩን ያሞቀዋል፤ ጀልባ ደግሞ እንደ መኪና ቁልቁለት አግኝቶ አያርፍም፣ ሰዓታት ሙሉ ሸክም ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ላይ ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሚቀልጠው ፒስተን ነው።