ፌሮን በካፕለር መቀጠል፦ መቼ ያዋጣል፣ እንዴትስ ይሠራል?

ካፕለር የሁለት ፌሮ ጫፎች እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶላቸው ከሁለት ጎን ገብተው የሚገናኙበት አጭር የብረት ቱቦ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቅ የሚያሠራ ሰው የካፕለር ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚጠይቀው የአንዷን ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ካፕለሩን ብተወው ስንት ኪሎ ፌሮ ደራርቤ ኮንክሪት ውስጥ እቀብራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የሥራ ሥዕሉ ያዘዘው ኦቨርላፕ፣ ማለትም ሁለቱ ፌሮዎች ጎን ለጎን የሚደራረቡበት ርዝመት፣ የፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ ነው እንበል። በአንድ መቀጠያ ላይ የሚደረበው ብረት ይህን ያህል ነው፦

ባለ 12 ፌሮ (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር)፦ 60 ሳንቲ ሜትር፣ 0.53 ኪሎ
ባለ 16፦ 80 ሳንቲ ሜትር፣ 1.26 ኪሎ
ባለ 20፦ 1 ሜትር፣ 2.47 ኪሎ
ባለ 24፦ 1.20 ሜትር፣ 4.26 ኪሎ
ባለ 32፦ 1.60 ሜትር፣ 10.1 ኪሎ

ከ16 ወደ 32 ስንሄድ ውፍረቱ በእጥፍ ብቻ አደገ፤ የሚባክነው ብረት ግን ስምንት እጥፍ ሆነ። ፌሮው ሲወፍር ኦቨርላፑም ይረዝማል፣ የሜትሩም ክብደት ይጨምራልና። የካፕለር ዋጋ ግን በዚህ ፍጥነት አያድግም፤ ትርፉም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የካፕለሩን ዋጋ፣ የሁለቱን ጫፍ ጥርስ ማውጫ ዋጋና የማሽኑን ኪራይ ድርሻ ደምሩና ለዕለቱ የአንድ ኪሎ ፌሮ ዋጋ አካፍሉት። መልሱ 1.5 ኪሎ ከመጣ ባለ 16ቱን መደራረብ ይሻላል፤ ከባለ 20 ጀምሮ ግን ካፕለር ያዋጣል። የብረት ዋጋ ስለሚዋዥቅ ስሌቱን ግዢ በፈጸማችሁ ቁጥር ድገሙት። ለሶሌታ (ለፎቁ የኮንክሪት ወለል) እና በባለ 12 ለሚታሰር ሥራ ሁሉ ካፕለር አታስቡ፤ ኪሳራ ነው።

በአንድ ሕንፃ እንየው። 20 ኮለን (ምሰሶ) አለ፤ እያንዳንዱ 12 ባለ 20 ፌሮ ይዟል፤ ሰባት ቦታ ላይ ይቀጠላል። 1,680 መቀጠያ ማለት ነው። በኦቨርላፕ ከተሠራ 4,150 ኪሎ፣ ማለትም 41 ኩንታል ተኩል ብረት ለመደራረብ ብቻ ይሄዳል፤ ያውም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጭኖ መጥቶ። መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ከሆነ ጭነቱ ይብሳል።

ሌላው ጥቅም አቆራረጥ ላይ ነው። የፎቁ ከፍታ 3.20 ሜትር ከሆነ፣ የባለ 20 ፌሮ ቁራጭ ከነኦቨርላፑ 4.20 ይሆንና 12 ሜትር ርዝመት ካለው አንድ ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ ፌሮ) ሁለት ብቻ ይወጣል፤ 3.60 ይተርፋል። በካፕለር ሦስት ይወጣል። ከፍታው ልክ 3 ሜትር ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፦ ጫፍ ሲስተካከል ሳንቲ ሜትሮች ስለሚሄዱ አራት ሙሉ ቁራጭ አይሞላም።

አሁን ወደ ሥራው። ጫፉ በመቁረጫ ዲስክ፣ ለፌሮው በ90 ዲግሪ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። በመቀስ የተቆረጠ ጫፍ ይጨፈለቃል፣ ይጎብጣልም፤ ማሽኑ ላይ ሲታሰር መሐል አይይዝምና ጥርሱ በአንድ ጎን ጥልቅ፣ በሌላው ላይ ላዩን ይሆናል። ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ሲጎተት ግን ይነቀላል። ለብዙ ብልሽት መነሻው ይህች አቆራረጥ ናት፤ ፌራዮው (ፌሮ ሠራተኛው) ቢቸኩልም እዚህ ላይ አትለፉት።

የጥርሱ ርዝመት የካፕለሩ ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ በ«የሚገባ» እና «የማይገባ» መለኪያ ቀለበት ይፈተሽ፤ የፌሮ ውፍረት ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ስለሚለያይ አዲስ ጭነት በገባ ቁጥር ማሽኑ እንደገና ይስተካከል። ማቀዝቀዣው በውኃ የሚበጠበጥ ዓይነት ይሁን፣ የሞተር ዘይት አይሁን። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የደብረ ብርሃን ውርጭ ማታ ማታ ከማሽኑ ይደፋ፤ አለበለዚያ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጥርስ የወጣለት ጫፍ ወዲያው የፕላስቲክ ክዳን ይደረግለት፤ የነፋሱ አቧራና የክረምቱ ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ከደረቀ በሽቦ ብሩሽም በቀላሉ አይለቅም።

ሲገጠም መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በቧንቧ መፍቻ ይጠበቃል፤ የሁለቱ ፌሮ ጫፎች መሐል ላይ መግጠም አለባቸው። ከእያንዳንዱ ጎን ከሁለት ዙር በላይ ጥርስ ውጪ ከታየ አልገባም ማለት ነው። በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ሲለካ ለባለ 16 ቢያንስ 100፣ ለባለ 20 ደግሞ 200፣ ለባለ 25 ወደ 260፣ ለባለ 32 ወደ 320 ኒውተን ሜትር መያዝ ይኖርበታል። የተፈተሸው በቀለም ምልክት ይደረግበት። የታጠፈና መዞር የማይችል ፌሮ ካለ፣ በአንደኛው ጫፍ ላይ ካፕለሩን ሙሉ በሙሉ የሚያስገባ ረጅም ጥርስ ይወጣለትና ካፕለሩ ወደ ሌላው ፌሮ ተመልሶ ይዞራል።

ከየ500ው መቀጠያ ሦስት ቆርጣችሁ ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ፌሮው ከመቀጠያው ውጪ ከተበጠሰ መልካም ነው፤ ጥርሱ ተነቅሎ ከወጣ የዚያ ምድብ ሥራ ይቁም።

የመቀጠያው ቦታም ገንዘብ ሳይሆን ሕይወት ነው። ሰሜን ሸዋ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ኮለን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከሶሌታው በላይና ከቢሙ (ከአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) በታች ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ሌላ ካላዘዘ ካፕለሩን ከሶሌታው ቢያንስ የኮለኑን ወርድ ሁለት እጥፍ፣ ለ40 በ40 ኮለን 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ሁሉንም ፌሮ በአንድ ከፍታ አትቀጥሉ፣ ግማሹን አፈራርቁ። ኦቨርላፕ ቀረ ተብሎ ስታፋ (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት) አይቀነስ። ካፕለሩ ከፌሮው ስለሚወፍር የኮንክሪት ሽፋኑ ከካፕለሩ ፊት ይለካ፤ ስታፋውም ካፕለሩ ላይ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ይታሰር።

ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ለቀጣዩ ፎቅ የሚወጡት ጫፎች ክዳን እንዳላቸው እዩ። አንዱ ተከፍቶ ኮንክሪት ከገባበት ያን ጥርስ እዚያው ቆሞ እንደገና ማውጣት ከባድ ነው፤ ጫፉ ይቆረጥና ሌላ መቀጠያ ይፈለግለታል።