ሚጣጢስ በጓሮ
ድሬ ላይ ሚጣጢስ ነው የምንለው፤ አዲስ አበባዎች ስኳር ድንች ይሉታል። ከድንች ጋር ግን የቅርብ ዝምድና የለውም። ነገሩን ያምታቱት ስፔኖች ናቸው። «ባታታ» የሚለውን ስም ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ ከታይኖዎች ወሰዱ፤ ኋላ ድንችንም «ፓታታ» አሉት።

ለመትከል ሥሩን አትፈልጉ። ከሐረጉ ጫፍ 30 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡ፣ የታች ታቹን ቅጠል አራግፉ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ሁለት ሦስተኛውን ቅበሩት። እኔ መጀመሪያ ፍግ አበዛሁበት። ቅጠሉ አጥር ዘለለ፤ ሥሩ ግን የአውራ ጣቴን ያህል እንኳ አልወፈረም! አሸዋማው የጓሮዬ አፈር ብቻውን ይበቃው ነበር። እስኪይዝ ድረስ ማታ ማታ አጠጡ። በ4 ወር ገደማ መደቡ ሲሰነጣጠቅ ቀስ ብላችሁ በእጅ አውጡት፤ ዶማ ያቆሰለው ቶሎ ይበሰብሳል።